የአንድ ዘፈን ሰው

ከካሴት ዘመን ጀምሮ የሙዚቃ ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ በልቡ የያዘው አንድ መዝገብ አለ። በመዝገቡ አንደኛው ገጽ ታላላቆቹ ይሰፍራሉ፤ በሌላኛው ገጽ ደግሞ «የአንድ ዘፈን ሰው» የምንላቸው። እነዚህኞቹ አንድ የሠርግ ወራት ሙሉ ከታክሲው፣ ከሙዚቃ ቤቱ፣ ከጎረቤት አጥር ወዲያ ሲሰሙ ይከርሙና ዓመት ሳይሞላ «ያ ልጅ የት ደረሰ?» ይባልላቸዋል። ከዚያ በኋላ ስማቸው በተነሳ ቁጥር ያቺው አንዲት ዘፈን ትነሳለች እንጂ ሌላ ነገር አይታወስም። አንዳንዴማ ዘፈኗ ከሰውየው ትበልጥና ስሙንም ትወስዳለች። የድሬዳዋው ዓሊ መሐመድ ሙሳ በአፍረን ቀሎ ቡድን ውስጥ በልጅነቱ የተጫወታት «ቢራ ዳ በሪኤ» ዓሊ ቢራ አሰኝታው፣ በ2015 ዓ.ም. እስካረፈ ድረስ በዚሁ ስም ኖሯል። እርሱ ግን ዕድለኛ ነው፤ በዘፈኗ ተጠራ እንጂ በዘፈኗ አልታጠረም።

እኔ ዛሬ የማወጋችሁ በመዝገቤ በተሳሳተው ገጽ ስላሰፈርኩት ሰው ነው። ሀጫሉ ሁንዴሳ ይባላል። «እርሱማ እንዴት የአንድ ዘፈን ሰው ይባላል?» ብሎ የሚቆጣኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ይቆጣ፣ ደግ አደረገ። እኔም በራሴ የተቆጣሁት በዚሁ ነው። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በአዲስ አበባ የእኔ ቢጤዎች፣ ኦሮምኛ የማንችለው ማለቴ ነው፣ ሀጫሉ በሕይወት ሳለ ስንት ዘፈኑን እናውቅ ነበር? «ማላን ጅራ»ን። ሌላስ? ሌላማ የለም። እርሷንም ብትሆን አወቅናት ከተባለ ነው።

*

ነገሩ የሚጀምረው ከቤት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጉለሌ ነው። ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተን ስንጠብቅ ስንጠብቅ ኖረን፣ በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከከተማው ምዕራብ ዳር፣ ወደ አምቦ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ፈቀቅ ብሎ መሬት ደረሰን። ዕጣ የወጣ ዕለት እንደ ሕፃን ዘልለናል። ዕድሜውን በኪራይ ቤት የጨረሰ ሰው የገዛ ግድግዳው ላይ ምስማር መምታት ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ቦታውን ለማየት በሄድን ጊዜ መሬቱ ገና የገብስ ቃርሚያ ነበረበት። ማናችንም «ገብሱ የማን ነበር?» ብለን አልጠየቅንም። የጠየቅነው ውሃና መብራት መቼ እንደሚገባ ነው።

ባለገብሱን ያወቅኋቸው በኋላ ነው። ማኅበራችን ለግንባታው ዘበኛ ሲፈልግ አንድ ሰው ራሳቸው መጡ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃላቸው ቁጥብ። ስማቸውን እዚህ አላነሳውም፤ እኔ «ኦቦ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ጋሼ» ይሉኛል። አሥራ አምስት ዓመት ያህል የሚበልጡኝ ሰው ጋሼ ሲሉኝ መጀመሪያ ያፍረኝ ነበር፤ እያደር ግን ጆሮዬ ለመደው። ጆሮ የማይለምደው ነገር የለም።

አንድ ቀን የመሠረት ቁፋሮውን ቆመን ስናይ ኦቦ በከዘራቸው ወደ መሬቱ እያመለከቱ፣ «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ በዚህ በኩል ይሻላል» አሉን። ቆፋሪው ሁለት ክንድ ሳይወርድ ድንጋዩን አገኘው። «እንዴት አወቁ?» ብላቸው፣ «ሞፈሬን ሁለት ጊዜ የሰበረው እሱ ነው» አሉኝ። የራሳቸው ማሳ ነበር። ገብሳቸውን ይጠብቁ የነበሩት ሰው ብሎኬትና ፌሮ ይጠብቁ ጀምረዋል።

ካሳ ተከፍሏቸዋል። ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997፣ ከይዞታው ለዘለቄታው ለሚነሳ ገበሬ ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ ይከፈለው ይል ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ስለሚባል፣ ገንዘቡ የሚታሰበው ለምርቱ እንጂ ለመሬቱ አይደለም። ስለዚህ ነገር ከኦቦ ጋር የተነጋገርነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «አሥር ዓመት ስንት ነው ጋሼ?» አሉኝ። «የመጨረሻው ልጄ ያኔ አንደኛ ክፍል ነበረ። ትምህርቱን ሳይጨርስ ገንዘቡ አለቀ።» ምሬት አልነበረበትም፤ የሒሳብ ጥያቄ ያቀረቡልኝ ነበር የሚመስለው። እኔም የሒሳብ ሰው ነኝና ዝም አልኩ።

*

«ማላን ጅራ» የወጣችው በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። በዓመቱ የከተማው ሠርግ ሁሉ ዘፈን ሆነች። እኔም በጥር ወር 2008 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ ስትዳር፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ክራቫቴን ፈትቼ፣ ትከሻዬን እየሰበቅሁ ጨፍሬባታለሁ። ዜማዋ አንጀት ይበላል። ድምፁ ሲጎትት አንድ ነገር እንደጠፋበት ይሰማችኋል፤ ምን እንደጠፋበት ግን ማን ይጠይቃል? ሴት ናት ብዬ ነበር። መቼም የዘፈን ናፍቆት ሁሉ ወደ ሴት ነው የሚሄደው።

ያ ጥር ምን ዓይነት ጥር እንደነበረ ልብ በሉ። ከሁለት ወር በፊት፣ ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች አንዷ በሆነችው በጊንጪ የተማሪዎች ተቃውሞ ተነስቷል። መነሻው የአንድ ኳስ ሜዳና የጭሊሞ ደን ጉዳይ ሲሆን፣ ከበስተጀርባው አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያስተሳስራል የተባለው ማስተር ፕላን ነበር። በዚሁ ፕላን ምክንያት ከዚያም በፊት፣ በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ አምቦ ውስጥ ደም ፈስሷል። በዚያው በጨፈርኩበት በጥር ወር ፕላኑ ቀረ ተባለ። እስከዚያው የሞቱት ሞተዋል። ይህን ሁሉ በዜና እሰማ ነበር፤ ዜናውንና ዘፈኑን የሚያገናኝ ነገር ይኖራል ብዬ ግን ለቅጽበት እንኳ አላሰብኩም።

በሠርጉ ማግሥት እሑድ ነው። በራፌ ላይ ቆሜ ዜማዋን በአፍንጫዬ አንጎራጉራለሁ። ኦቦ በዘበኛ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ጥቂት አደመጡኝና፣

«ጋሼ፣ ምን እንደሚል ያውቁታል?» አሉኝ።

«የፍቅር ነው አይደል?»

«ፍቅርማ ነው» አሉና ቆየት ብለው፣ «ማላን ጅራ ማለት… እንደ እናንተ ቋንቋ፣ ምኑን አለሁት ማለት ነው። ወዳጁ ርቃበታለች። መሃላቸው ምን ገባ ብለው ይጠይቁ እንጂ» አሉኝ።

«ምን ገባ?»

«ጉለሌ ሲል ሰምተውታል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ገላን ሲልስ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ሰፈር መሰልዎት? ሰው ነው እኮ።»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ መታወቂያዬ ላይ ጉለሌ ተብሎ ተጽፎልኝ፣ ጉለሌ የሚባል ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጉለሌ ለእኔ የተማርኩበት፣ ኳስ የተጫወትኩበት፣ አባቴን የቀበርኩበት ሰፈር ነው። ለኦቦ ደግሞ ጉለሌ፣ ገላን፣ አቢቹ፣ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ስትቆረቆር በእነዚህ ጋራዎችና ምንጮች ዙሪያ ከብት ያሰማሩ የነበሩ የቱለማ ጎሣዎች ስም ነው። ዘፋኙ እነዚህ ከመሬታቸው ባይለዩ ኖሮ እኔና አንቺም ባልተለያየን ነበር የሚል ነገር በፍቅር ልብስ ጠቅልሎ አቅርቦታል። በሰምና ወርቅ የምንኮራ ሰዎች ነን፤ ወርቁ ግን በማናውቀው ቋንቋ ሲመጣ ሰሙን ይዘን ስንጨፍር አመሸን።

ኦቦ የተናገሩት እኔን ለመውቀስ አልነበረም። ይህን ስል ራሴን ለማጽናናት አይደለም፤ ቢወቅሱኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ተከራክሬ፣ «እኔ በሕግ የደረሰኝን ነው የያዝኩት» ብዬ እገላገል ነበር። ሰውየው ግን የዘፈን ትርጉም ነገሩኝና ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ጥበቃቸው ተመለሱ።

*

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥር ወር 2010 ዓ.ም.፣ ኦቦ ለአንድ ዘመዳቸው ሠርግ ጉደር ድረስ እንድሸኛቸው ለመኑኝ። በእኔ አሮጌ መኪና በጠዋት ወጣን። ያን መንገድ ከዚያ በፊት የማውቀው ለአምቦ ፍልውሃ ስሄድ ነው፤ ማለትም አላውቀውም።

ሆለታን አልፈን አዲስ ዓለም ስንደርስ መኪናውን አቁመን ሻይ ጠጣን። ኦሮምኛ ስሟ ኤጄሬ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ነበርና። በኋላ ባሕር ዛፍ መጣ፣ ከተማዋም ባለችበት ቀረች፣ ሊሆን የታሰበው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሻዬን እየጠጣሁ፣ ያ ሐሳብ ቢሳካ ኖሮ ዛሬ በሠርግ የምንጨፍርበት ዘፈን ስለ ኤጄሬ በሆነ ነበር፣ ኦቦም ገብሳቸውን ባላጡ ነበር አልኩ በልቤ። ሌላ ኦቦ ግን ሌላ ቦታ ያጣ ነበር።

ጊንጪን በዝምታ አለፍናት። ኦቦ ኮፍያቸውን ከራሳቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ ከተማዋ ስታልቅ መልሰው ደፉት። ምንም አላልኩም።

አምቦ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። አምቦ ለአዲስ አበባ ሰው ማለት ውሃ ነው፤ ጠርሙስ ሲከፈት «ፍስስ» የሚል ድምፅ። ከተማዋ በአንድ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ ነበር፣ ስሙ ግን አልያዘላትም። ኦቦ የሚጠይቁት ዘመድ ነበራቸውና እኔ አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ጠበቅሁ። ባለቤቱ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ወጣት ነው። ቴፑን ከፍቶ ይሠራል። ሀጫሉ የተወለደው እዚህ ከተማ መሆኑን አውቃለሁና ለወዳጅነት ያህል፣ «እስቲ ያቺን የሀጫሉን ዘፈን አሰማን» አልኩት።

«የቷን?» አለኝ።

«ያቺን ነዋ! ማላን ጅራን።»

ልጁ ሳቀ። የንቀት ሳቅ አይደለም፣ የለመደ ሰው ሳቅ ነው። «የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ እሷን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሌላውስ?» አለና እጁን በፎጣ አድርቆ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር መዝገቤን ቀዶ የጣለው ነው።

ሀጫሉ እ.ኤ.አ. በ1986 በዚህች ከተማ ተወለደ። ልጅ ሳለ ከብት ይጠብቅ፣ ከብት ሲጠብቅም ያዜም ነበር። አባቱ ሐኪም እንዲሆንላቸው ይመኙ እንደነበር፣ እናቱ ግን ዘፈኑን ይደግፉ እንደነበር ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2003፣ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ላይ፣ በተቃውሞ ተሳትፈሃል ተብሎ ታሰረና አምስት ዓመት በአምቦ ከርቸሌ ቆየ። ግጥምና ዜማ መጻፍን የተማረው እዚያው ግቢ ውስጥ እንደሆነ ራሱ በአንድ ቃለ ምልልስ ተናግሯል። ሌላው ተማሪ ማትሪክ ሲፈተን፣ እርሱ በእስረኛ መሃል ቃል ከቃል፣ ዜማ ከዜማ ሲያጋጥም ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲፈታ የመጀመሪያ አልበሙ ዘፈኖች በእጁ ነበሩ፤ በዓመቱ «ሰኚ ሞቲ» ተብሎ ወጣ፣ የንጉሥ ዘር ማለት ነው። በ2013 ደግሞ «ዋኤ ኬኛ»፣ ስለ እኛ። «ማላን ጅራ» የመጣችው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ እኔ እንደ መጀመሪያም እንደ መጨረሻም የቆጠርኳት ዘፈን፣ ለአምቦ ሰው የአንድ ረጅም መንገድ አጋማሽ ነበረች። ወጣቱ ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ አንድ በአንድ እያሰማኝ ትርጉሙን እየነገረኝ ከሰዓት በላይ ተቀመጥን። የሻዩን ሒሳብ አልቀበልም አለኝ።

መንገድ ላይ ሆኜ ስለ ሌላው የአምቦ ልጅ አሰብኩ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው ከዚህ አቅራቢያ፣ ቦዳ ነው። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ነበሩ። «እሳት ወይ አበባ»ን እናውቃለን፣ ቴአትሮቹን እናውቃለን፣ በአማርኛ ስለጻፈልን ሙሉ ሰው አድርገን እናውቀዋለን። ነገር ግን የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ግጥም የእርሱ እንደሆነ የሚያውቅ በአዲስ አበባ ስንት ሰው አለ? የጸጋዬን ብዙ ሥራ እናውቃለን፣ አንዷን መዝሙር አናውቅም። የሀጫሉን አንዷን ዘፈን እናውቃለን፣ ብዙ ሥራውን አናውቅም። አንድ አፈር ያበቀላቸውን ሁለት ሰዎች በአንድ ቋንቋ በኩል ብቻ ስናይ የሆነው ይህ ነው።

*

ጉደር ሠርጉ ቤት የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ዳሱ ሞልቷል። በዚያን ሰሞን ከሁሉ በላይ የሚሰማው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የወጣው «ጅራ» የተባለው የሀጫሉ ዘፈን ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉ ወገኖች ገንዘብ ለማሰባሰብ በሚሌኒየም አዳራሽ በተዘጋጀው ዝግጅት ላይ ያቀረበው ዜማ አገር ምድሩን አነቃንቆ ነበር። ወጣቱ እየዘለለ ይዘፍናል።

እኔም ዐዋቂ ለመምሰል አጠገቤ ለተቀመጠች የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ «ጅራ ማለት አለሁ ማለት ነው አይደል? ማላን ጅራ፣ ምኑን አለሁት» አልኳት።

ልጅቷ በትሕትና አረመችኝ። «አይደለም ጋሼ። ያኛው ጅራ ነው፣ ይሄኛው ጅራ።»

«አንድ አይደሉም እንዴ?»

ደብተሯን አምጥታ በቁቤ ጻፈችልኝ። በመጀመሪያው ቃል አንድ «ር»፣ በሁለተኛው ሁለት «ር»። ላልቶ ሲነበብ «አለሁ» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ «አለን»። በእኛ ፊደል ሁለቱም ያው «ጅራ» ናቸው፤ የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም። ለነገሩ ይህ ለአማርኛም እንግዳ አይደለም። «አለ» ብዬ ብጽፍላችሁ፣ ተናገረ ማለቴ ይሁን ይኖራል ማለቴ፣ ካላጠበቃችሁት ወይ ካላላላችሁት አታውቁትም። አንባቢው የሚለየው ቋንቋውን ስለሚያውቅ ብቻ ነው።

ያን ምሽት ያወቅሁት ይህ ነው፦ ሰውየው በ2007 ዓ.ም. «እኔ ምኑን አለሁት?» ብሎ ጠየቀ፤ በ2010 ዓ.ም. «አለን» ብሎ መለሰ። በጥያቄውና በመልሱ መካከል ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል አለ፤ በዚያ ውስጥ ጊንጪ አለች፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አለ፣ ብዙ መቃብር አለ። «እኔ» ወደ «እኛ» የተለወጠው በአንዲት ፊደል መጥበቅ ነው። እኔ ጥያቄውን ለጭፈራ ወስጄ መልሱን ሳልሰማ ቀርቼ ነበር።

*

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ሀጫሉ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ አራት ገደማ ነበር። የተገደለው በአዲስ አበባ ደቡብ ዳር፣ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ ነው። ገላን። በዘፈኑ ስማቸውን ካነሳቸው አንዱ። ስሙን በዜና ስሰማ የኦቦ ድምፅ መጣብኝ፤ ሰፈር መሰልዎት?

በማግሥቱ አስከሬኑን ወደ አምቦ ለመውሰድ ጉዞ ተጀምሮ ቡራዩ ላይ ተመለሰ። መንገዱ የእኛው መንገድ ነው። ጭስና ተኩስ፣ ጩኸትና ሩጫ እስከ ደጃችን ይሰማ ነበር። ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። አስከሬኑ በኋላ በሄሊኮፕተር ተወስዶ ሰኔ 25 ቀን አምቦ ተቀበረ። በእነዚያ ቀናት በልዩ ልዩ ከተሞች ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ሊያለቅሱ የወጡ አሉበት፤ ከነገሩ ጋር ምንም ጉዳይ የሌላቸው፣ በዘራቸው ወይም በሃይማኖታቸው የተፈለጉ፣ ቤታቸውና ሱቃቸው የተቃጠለባቸውም አሉበት። አንዲት ጎረቤቴ የወንድሟ ሱቅ እንደነደደ በስልክ ስትሰማ አጥሬ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። በዚያኛው በኩል ኦቦ በዘበኛ ቤታቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ያለቅሳሉ። እኔ በሁለቱ መሃል ቆሜ የቱን አስቀድሜ እንደማጽናና ጠፋኝ። ጎረቤቴን ለሚስቴ ትቼ ወደ ኦቦ ሄድኩ። «ሀዘኑ የጋራ ነው» አልኳቸው፤ ከንቱ ቃል መሆኑ ገብቶኛል።

«በመንገዱ እንኳ አልገባም» አሉኝ። በልጅነቱ በእግሩ፣ ካደገ በኋላ በመኪና የሄደበትን መንገድ ማለታቸው ነው። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ከዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ፣ ሦስተኛው አልበሙ ያለ እርሱ ወጣ። «ማል መሊሳ» ይባላል። መላው ምንድን ነው፣ እንደ ማለት ነው። «መላ» በሁለቱም ቋንቋ መላ ነው፤ ይኼን እንኳ ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ። በአምቦ ዩኒቨርሲቲም አንድ ካምፓስ በስሙ ተሰይሟል። ከርቸሌ ዜማ ያስተማረው ልጅ ስሙ በትምህርት ቤት በር ላይ ተጻፈ።

*

አሁን እኔ ከዚያው ቤት ነኝ። አልለቀቅሁም። የምለቅበት ቦታ የለኝም፤ ብለቅም ለኦቦ ገብሳቸውን የሚመልስላቸው የለም። ይህን የምጽፈው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ ንስሐ የገባ ሰው ይፈታል፣ እኔ አልተፈታሁም። በጓሮዬ ጎመንና ሁለት የአቮካዶ ዛፍ አለ። ኦቦ አርጅተዋል፤ ጥበቃውን ለልጃቸው ትተው ቀን ቀን እየመጡ ከግንቡ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ሞፈራቸውን የሰበረው ድንጋይ እንደ መቀመጫ ሆኖ በራፌ ላይ አለ፤ የሚቀመጡት እርሱ ላይ ነው።

ባለፈው የሠርግ ወራት ከሦስተኛው ቤት ድንኳን ተተክሎ ነበር። ማታ ላይ ያቺው «ማላን ጅራ» ተለቀቀች። ወጣቶቹ ትከሻቸውን እየሰበቁ ገቡበት። ግማሾቹ ምን እንደሚል ያውቃሉ፣ ግማሾቹ አያውቁም፤ ከሩቅ ሲታዩ ግን አይለዩም። እኔና ኦቦ በራፉ ላይ ቆመን እናያለን።

«ጋሼ፣ ዛሬስ አይጨፍሩም?» አሉኝ።

«ትርጉሙን ካወቅሁ ወዲህ እንዴት አድርጌ ልጨፍር?» አልኳቸው።

ኦቦ ዘወር ብለው በመገረም አዩኝ። «እንዴ! እኛ ትርጉሙን እያወቅን አይደል እንዴ የምንጨፍረው?» አሉና ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ድንኳኑ መራመድ ጀመሩ። ጥቂት ቆሜ አሰብኩና ተከተልኳቸው።